ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቦሌ ውስጥ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጸሐፊ ነበርኩ። የድርጅቱ ዓላማ «ጥቃት ለሚደርስባቸው ወገኖች ከለላ መስጠት» ይባላል። ዓላማውን በቃሌ ያጠናሁት እምነት ስለነበረኝ አይደለም፤ በየሳምንቱ ስለምተይበው ነው። በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት አንድም ጥቃት የደረሰበት ሰው በበራችን ሲገባ አላየሁም። የሚገቡት አማካሪዎች ነበሩ።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ስለ ቤት ሠራተኞች በደል ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰበራል፤ አንዳንዴም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ብቻ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሆቴል ውስጥ፣ ማይክራፎን ፊት ነው። የዚያ ዓመት ትልቁ ሥራችን ደግሞ ብሮሹር ነበር፤ «ችግር ቢደርስብዎ ወዴት ይሄዳሉ?» የሚል። ሽፋኑ ላይ የተበደለች ሠራተኛ መስላ ፎቶ የተነሳችው የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ናት። እዘኚ ብትባል ሳቋ እየመጣባት ፎቶ አንሺውን ግማሽ ቀን አቆመችው። በመጨረሻ ፊቷን በእጇ ሸፍና ተነሳች፤ ሁላችንም በጣም ልብ ይነካል አልን።

እኔ የምኖረው ከቢሮው ብዙ ሳይርቅ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። ጎረቤታችን ዘንድ አንዲት ሠራተኛ አለች፤ ከገጠር የመጣች፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልብስ ሳሰጣ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ «እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። እመቤቷ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉባታል። እኔም ይህን እያወቅሁ ልብሴን አስጥቼ፣ ስለ ከለላ ልተይብ እሄዳለሁ። እመቤቷ የተከበሩ ሴት ናቸው፤ የቀበሌው የሴቶች ኮሚቴ አባል፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰላምታ ሳትሰጠኝ ቀረች። በቀዳዳው ሳይ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ስተኩስ ቀሚሳቸውን አቃጠልኩባቸው።»

«እና?»

«እና እሳቸውም...» አለችና ክንዷን አሳየችኝ። የካውያው ጫፍ ቅርጹን ሳይስት ቆዳዋ ላይ ተቀምጧል።

ወንበር በአጥሩ ላይ አሳልፌ ሰጠኋት። ወጥታ ተሻገረች፤ ነጠላዬን አለበስኳትና ተያይዘን ወጣን። ጸሐፊ ነኝና መጀመሪያ የታየኝ በሕጉ መሠረት መሄድ ነበር።

ቀበሌ ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጉዳያችንን ከሰማ በኋላ ፋይል አውጥቶ አገላበጠ።

«በዚህ ቤት ሠራተኛ የለችም» አለ።

«ይኸው ቆማለች እኮ!»

«እሱንማ አያለሁ። በቅጹ ላይ ግን የለችም። በቅጹ ላይ የሌለች ሰው ተቃጠለች ብዬ እንዴት ልጻፍ?» ትንሽ አሰበና አዘነልን መሰለኝ፣ «ለሴቶች ኮሚቴ ማመልከት ትችላላችሁ» አለ።

«የዚህ ሳምንት ተረኛ ማን ናቸው?» አልኩት።

የጠራልን ስም የልጅቷን እመቤት ስም ነበር። ልጅቷ እጄን ጨብጣ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ያገኘነው ወጣት ደግሞ ክንዷን አይቶ ከልቡ አዘነ። «ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የቀበሌ ደብዳቤ አምጡና ወዲያው እንይዘዋለን» አለን። ቀበሌው ስሟን እንደማያውቅ ስነግረው ይበልጥ አዘነ። ሐዘኑን ተቀብለን ወጣን።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ሱቅ ገባሁና ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ብሮሹር አውጥቼ ስልክ አስፈቀድኩ። የመጀመሪያው ቁጥር አይሠራም። ሁለተኛውን ያነሳችው ሴት በትሕትና ወደ ሦስተኛው መራችኝ። ሦስተኛው የእኛው ቢሮ ቁጥር ነው፤ የተየብኩትም እኔ፣ ሲደወል ማንሳት ያለብኝም እኔ። ቢሆንም ደወልኩ። ያነሱት ዘበኛችን ናቸው፤ «አባባ» የምንላቸው ሽማግሌ።

«ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ። «ጸሐፊዋም ዛሬ አልገባችም።»

«አባባ፣ ጸሐፊዋ እኮ እኔ ነኝ!» ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጨርሰው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጅቷ እህል ቀምሳለች?» አሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ቢሮ ስንደርስ አባባ ምሳቸውን በዘበኛ ቤታቸው ዘርግተው ጠበቁን። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጤና ጣቢያ ወስደው ክንዷን አስጠቀለሉላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ተመለሱ። ልጅቷን ሲያዩ መጀመሪያ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ቀጥለው እኔን ወደ ውስጥ ጠሩኝ።

«እኛ እኮ ግንዛቤ ነው የምናስጨብጠው። ዛሬ ይህችን ብንቀበል ነገ ሌላዋ ትመጣለች።»

አባባ በሩ ላይ ቆመው ኖሮ፣ «ትምጣ እንጂ ጌታዬ» አሉ። «ኑ ብላችሁ ጽፋችኋል ይባላል። እኔ ማንበብ አልችልም።»

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንዲሆን ወሰኑ። አባባ ስብሰባውን አልጠበቁም፤ ልጅቷን ይዘው ቡልቡላ፣ ሚስታቸው ዘንድ ወሰዷት። ያን ጊዜ ቡልቡላ ጤፍ የሚዘራበት ገጠር ነበር። ሚስታቸውም ደብዳቤ አልጠየቁም፤ የምትተኛበትን አሳዩዋት።

በማግስቱ አባባ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ልብሷን ሊያመጡ እመቤቷ ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ሴትዮዋ ደረታቸውን ደቁ።

«እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማያት!»

«ልጆችዎንም ይተኩሳሉ እንዴ?» አሉ አባባ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ።

ሴትዮዋ ገብተው የልጅቷን ልብስ በፌስታል ይዘው ወጡ። በሕግ የደረሰባቸው ነገር የለም። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ብመላለስም ያ የሚያዝነው ወጣት ተዛውሮ ነበር፤ የተተካው ደግሞ ያን ያህል እንኳ አላዘነም። ሰፈሩ ግን ወሬውን ሰማ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሠራተኛ ሊቀጥሩ ሲጠይቁ የሚያመጣላቸው ደላላ አጡ። ቆሻሻ ሲደፉ ባየኋቸው ቁጥር የተሰማኝን ደስታ ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም።

የድርጅታችን ዓመታዊ ሪፖርት ልጅቷን «በብሮሹራችን አማካይነት ከለላ ያገኘች» ብሎ ጠቀሳት። ስለ አባባ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ተየብኩ፤ «የጥበቃ ሠራተኛ በዚህ ደረጃ አይጠቀስም» ተብሎ ተሰረዘ። በዚያው ወር ሥራውን ለቀቅሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ቦታ አግኝቼ ነው።

ልጅቷ እነ አባባ ቤት አራት ዓመት ተቀመጠች። ስፌት ተማረችና መገናኛ አካባቢ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ቤት ተቀጠረች። አንድ ቀን ልጠይቃት ስሄድ አባባ እሷን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ አገኘኋቸው፤ ዣንጥላ ይዘዋል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ልጅቷ ሥራዋን ገና አልጨረሰችም ነበርና የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ «ልጅዎን ትንሽ ይጠብቋት» አለቻቸው።

«እጠብቃለሁ» አሉ አባባ፤ ጥግ ይዘው ተቀመጡ።