ሂተሬን ያስነቀለኝ ቅናት

ቅናት መኪና ያስፈታል ብላችሁ አታምኑም፤ እኔን ግን አስፈትቶኛል። አስፋልቱ ሳይደርስልን ከሞያሌ ኬንያ ውስጥ ወዳለችው ሶሎሎ ሰው ሳመላልስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን አልፎ በዚያው መንገድ የሚሠራው ሾፌር ጋልገሎ መኪና ላይ ይሳፈር ነበር።

"የሱ ነፋሻ ነው፤ ያንተ ምድጃ ነው!" ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። ሞተሩ ሊፈላ ሲል የመኪናውን ማሞቂያ፣ ሂተሩን፣ እከፍታለሁ፤ ሙቀቱ ከሞተሩ ወጥቶ እነሱ ላይ ይነፍሳል። ጋልገሎ ሂተሩን አስነቅሏል ሲሉኝ ቀናሁ። በሩጫ መካኒካችን ፉንዲው ጋራዥ ሄጄ የኔንም አስነቀልኩ። ፉንዲው ሂተሩን እዚያው አስቀርቶ፣ ሁለቱን የውሃ ቱቦዎቹን እርስ በርስ አገናኝቶ ሸኘኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ መኪናዬ ጢም ብሎ ሞላ። ምን ያደርጋል፣ የጎልቦን በረሃ ሳንሻገር ሞተሩ ፈልቶ ቆምን። ጋልገሎ ከኋላ ደረሰ።

"ፖሌ፣ አይዞህ ወንድሜ! ሂተሩን ክፈተው እንጂ።"

"እንዳንተ አስነቀልኩት።"

"እኔማ ውሃ ስለሚያፈስ ነው ያስነቀልኩት! መኪናህ አይፈላም ብዬ ስቀናብህ ኖሬ፣ ትናንት ሌላ አስገጠምኩ።"

ተሳፋሪዎቼ ወደሱ ሲሻገሩ በመኪናው መስኮት አጮልቄ አየሁ። የሂተሩ ማዞሪያ፣ የድሮው ቢሰበርብኝ እኔው በእጄ የገጠምኩት የሶዳ ቆርኪ ነው።