ዘጠኝ ጊዜ ኢንተር

ቴፒ በሚገኘው የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ እባላለሁ። ባለሙያነቴ ጣጣ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ መረጃችን ሁሉ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨራችንን፣ አቃጠለው። ዲስኩ ብቻ ተረፈ። በውስጡ ሌላ ቅጂ የሌለው የአባሎቻችን የማሳ ዝርዝር አለ፤ ውጭ አገር ያለው ገዢ ያለዚያ ዝርዝር የዘንድሮውን ቡና አልቀበልም ብሏል። ማሳዎቹን አንድ በአንድ የለኩት አንድ የሸኮ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው በጭቃና በጫካ ዞረው ጉልበታቸው እዚያው ቀረ። አሁን ቢሮ ተቀምጠው ይውላሉ።

የተረፈውን ዲስክ አዲሱ ማሽን ውስጥ ከአዲሱ ዲስክ ጎን ሰካሁትና ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ሊኑክስን፣ ልጭን ተነሣሁ። በሥዕል፣ በማውስ እየነኩ መጫኑን አውቀዋለሁ። ግን የተሰጠኝ ስክሪን አሮጌ ስለሆነ መስኮቱ አልበቃውም፤ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከታች ተቆርጦ ቀረ። የማይታየውን ቁልፍ እንዴት ልንካው? ስክሪኑን በጥፊ ሁሉ ብየዋለሁ።

ሚዛን ከተማ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ያለ ማውስ በሚሠራው፣ በጽሑፍ ጫኚው እንጂ! ምን ያስፈራሻል?» አለኝ። እሱ የሚያደርገውን በስልክ ነገረኝ፣ እኔም ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ዘጠኝ ጊዜ ኢንተር፣ ከዚያ ቀስቱን ወደ «አዎ» ወስዶ እንደገና ኢንተር። እኛ እዚህ ኮምፒውተር የተማርነው እንዲህ ነው፤ ጥያቄውን አናነብም፣ እንቆጥራለን።

ጋሼ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ እንግሊዝኛው ይመጣል፣ እኔ ኢንተር እላለሁ። ዘጠኝ። አዎ። ኢንተር።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከምሳ በፊት ተጭኖ አለቀ። ዝርዝሩን ልገለብጥ ስከፍት ግን አንደኛው ዲስክ ባዶ ነው፣ ሌላኛው ላይ ሊኑክስ ተቀምጧል። ባዶው አዲሱ ነበር።

የጓደኛዬ ማሽን አንድ ዲስክ ብቻ ነው ያለው። የእኔ ሁለት ነበረው፤ የትኛው ይጥፋ ብሎ ሲጠይቀኝ ከላይ የተጻፈው አሮጌው ነበር፣ እኔም ኢንተር አልኩ። ጽሑፉን አልወቅሰውም፤ ከነመጠኑ ጽፎ አሳይቶኛል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። አሮጌውን ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ምን ነበረበት?

እንደገና ደወልኩ። ጓደኛዬ «በላዩ ከተጻፈበት አልቋል» አለኝ። ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልቻልኩም።

«አለቀ እንዴ ልጄ?» አሉ ጋሼ።

ነገርኳቸው። ምነው በሰደቡኝ! ስክሪኑን አዩ፣ ጉልበታቸውን አሹ።

«ያ ቦት ጫማዬ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

መጋዘን ነበር። አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ማጎንበስ ስላቃታቸው፣ እኔው ተንበርክኬ አጠለቅኩላቸው።