ያላማተብኩበት ፎቶግራፍ

ፎቶግራፉ ላይ አራት ሴቶች አለን። አንዷ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነክታለች። አንዷ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። አንዷ እያማተበች ነው። አራተኛዋ ጉልበቷን ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ ወደ መሬት አጎንብሳ ትተነፍሳለች። እሷ እኔ ነኝ። በዚያ ውድድር ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ፎቶውን ካዩት መካከል ግን ስንተኛ እንደወጣሁ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

«የቄሱ ልጅ አይደለችም እንዴ? ምነው አላማተበችም?» ብሎ አንድ የማላውቀው ሰው ከሥሩ ጻፈ። ሌላው በስልኩ አንገቴን አጉልቶ፣ አንገቴን ብቻ ቆርጦ መልሶ ለጠፈው። «ማተቧስ?» ይላል። ማተቤ መለያዬ ውስጥ ነበር፤ ስሮጥ እየዘለለ ፊቴን እንዳይገርፈኝ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ እከተዋለሁ። ሦስተኛው መጥቶ ነገሩን ጨረሰው፦ «ዩኒቨርሲቲ የገቡት እኮ እንዲህ ሆነው ነው የሚመለሱት። ጴንጤ ሆናለች።» በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ከስልክ ወጥቶ ወረታ ገበያ ደረሰ። ከገበያ ደግሞ ሩዝ ከሸጡት ሰዎች ጋር አብሮ ወደ እኛ ቀበሌ፣ አባቴ ወደሚያገለግሉበት ደብር ገባ።

እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር የማልችል ሰው ነኝ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ ሄጃለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም። ስሮጥ ማንም አያናግረኝም። ሩጫን የወደድኩት ለዚህ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት አንገት ተቆርጦ በየሰው እጅ ሲዞር፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምል ይመስላችሁ ይሆናል። አልነበረም። ተናደድኩ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ለምን እንዳላማተብኩ ልናገር። ትንሽ ልጅ ሆኜ አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያናችን በር ስናልፍ እየተጣደፍኩ እጄን ፊቴ ላይ አወናጨፍኩት። አባቴ ክንዴን ያዙኝ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«እያማተብኩ።»

«አላማተብሽም። ዝንብ እያባረርሽ ነው።»

አስቁመውኝ፣ እግሬን አስገጥመው፣ ጣቶቼን በመስቀል አመሳቅለው አሳዩኝ። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ፣ ቃሉ ሳይጎድል፣ እጁ ሳይቸኩል። «ትንፋሽሽ ካልተሰበሰበ አትጀምሪው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሜ እንጂ እየሄድኩ አማትቤ አላውቅም። ከውድድር በፊት ጎህ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አማትባለሁ። ስጨርስ ደግሞ ትንፋሼ ሲመለስ፣ ሰው ሲበተን። ትንፋሼ እስኪመለስ የጠበቀኝ ካሜራ ግን የለም።

ሌላም ነገር አለ። ጊዜው የኅዳር መጨረሻ ነበር። በፎገራ ሜዳ ሩዙ እየታጨደ፣ ገለባው በየመንገዱ ዳር እየተከመረ፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተለቆ ነበር። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ወደ ርብ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ሄደን የተመለስነውን ያን ሁሉ ርቀት ጾሜን ነው የሮጥኩት። ይህን ማንም ፎቶ አላነሳውም። ሊነሳም አይችልም።

ውድድሩ እንዳለቀ አሰልጣኛችን ከአንድ ምግብ ቤት አስቀመጠንና ለሁላችንም እንቁላል ፍርፍር አዘዘ። እኔና አንደኛ የወጣችው ልጅ ሽሮ ይምጣልን አልን። አሰልጣኙ ሳቀብን። «አምላክ የሯጭን ጉልበት ያውቃል፤ ብሉ» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየኝ።

«አንቺ ብቻ ነሽ ያበላሸሽው» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ፎቶውን ነዋ! ስትገቢ ክብሩን ለእግዚአብሔር ስጪ። እንግዶች አሉ፣ ካሜራ አለ፣ ሕዝቡም ደስ ይለዋል። ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ማጣሪያው ነው፤ እዚሁ ነው። ሁለታችሁ ወረዳችንን ወክላችሁ ዞን ትሄዳላችሁ። ያኔ እንዲህ ሆነሽ እንዳላይሽ።»

ይህን ሲል አፉ ውስጥ እንቁላል ነበር። መብላቱ የእሱ ጉዳይ ነው፤ የሰው ጉርሻ የምቆጥር ሴት አይደለሁም። የዚያን ቀን የቆጠርኩት እሱ የእኔን እጅ ስለቆጠረብኝ ነው።

ስንወጣ አንደኛ የወጣችው ልጅ እጄን ያዘችኝ። ከሐሙሲት ወዲህ ካለ አንድ መንደር የመጣች፣ ሳቂታ ገበሬ ናት።

«እታለም፣ አትናደጅ። እኔ የምንበረከከው ለምን ይመስልሻል?»

«ለምስጋና ነዋ።»

«ኧረ ሊያስመልሰኝ ስለሚል ነው! እንደገባሁ ሆዴ ይገለበጣል። መሬት ስነካ ይበርድልኛል። እግረ መንገዴን አመሰግነዋለሁ። ሰዉ አይቶ እልል ይላል፤ እኔ ውስጥ ውስጡን አምላኬ ሆይ ሰው ፊት አታዋርደኝ እላለሁ።»

እስክናነባ ሳቅን። እሷን አንድም ቀን ተናድጄባት አላውቅም። ጸሎቷ እውነተኛ ነበር፤ ሰዉ ያየው ግን ሌላውን ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሳቁ ቤታችን ውስጥ አለቀ። እናቴ ገለባ እየከመረች ነበር። ወሬውን ከሰማች ሁለት ቀን ሆኗታል።

«ምን ነበረበት እጅሽን ብታነሺ?» አለችኝ። «እጅ ይከብዳል?»

«እማዬ፣ ትንፋሽ አልነበረኝም።»

«ሌሎቹ ከየት አመጡት?»

ከዚያ ነው የሆነውን የነገረችኝ። አባቴ የብዙ ቤተሰብ ንስሐ አባት ናቸው። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ፣ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ በምታውቀኝ ጎረቤታችን ቤት፣ ጠበል ሊረጩ ሄደው ነበር። ሴትዮዋ ከበር ሳታስገባቸው፣ «አባ፣ መጀመሪያ የራስዎን ቤት ይርጩ» አለቻቸው። ሌላ አንድ ቤተሰብ ሌላ ንስሐ አባት ሊይዝ እንደሆነ ተሰምቷል። ሌሎቹም ያመነታሉ። አባቴ ለእናቴ የነገሯት ይህን ብቻ ነው፤ ሌላውን የነገራት ፊታቸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሌላ ሴት ካልጻፍኩ ዋሸሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከአንዲት ፕሮቴስታንት ልጅ ጋር ከአንድ ክፍል አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ማለዳ ተነስታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በሹክሹክታ ትጸልያለች። እኔ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ወደ ምሥራቅ ዞሬ። አንዳችን አንዳችንን ምን አልሽ ብለን አልተጠያየቅንም። በጾም ጊዜ ወተቷን ከእኔ ርቃ ነበር የምትጠጣው። እና አሁን ሰዎች እኔን ለማዋረድ ሲፈልጉ እሷን ስድብ አደረጓት። «አልሆንኩም» ብዬ ለመማል አፌን በከፈትኩ ቁጥር እሷን የካድኳት እየመሰለኝ ዘጋሁት። አለመማሌ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ሆነብኝ።

ማጣሪያው ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ልጄ፣ የፊታችን ቅዳሜ ስትጨርሺ... ሰዉ እያየሽ... ለእኔ ስትይ።»

ቆምኩ። «አባባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ዝንብ ማባረር ነው ያሉኝ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«አሁን ዝንቡ እኔን ወረረኝ» አሉ። ቀልድ ነበር፤ አልሳቁም። ጀርባቸውን ብቻ ነው የማየው። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተንሸራትቶ ነበር፤ አላስተካከሉትም።

እሺም እምቢም አላልኳቸውም። በሦስቱ ቀን ውስጥ የነበረኝን ንዴት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በወሬኞቹ ብቻ አይደለም። በአሰልጣኙ ብቻ አይደለም። ያስተማሩኝን ነገር መልሰው ከእኔ በለመኑኝ በአባቴ፣ ከዚያም በአባቴ በመናደዴ በራሴ። እጄን ካላነሳሁ አባቴ ሰው ፊት መቆም ያቅታቸዋል። ካነሳሁ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔና የአምላኬ ብቻ የነበረው ነገር የዚያ ፎቶ አንሺ ይሆናል።

ቅዳሜ ከመነሻው ጀምሬ ከሐሙሲቷ ልጅ ጀርባ አልተለየሁም። ወደ ርብ ስንሄድ ነፋሱ ከፊት ነበር፤ ስንመለስ ከኋላ ሆነልን። ከተማው መግቢያ ላይ እሷ ትታኝ ሄደች። ሁለተኛ ነኝ። ሦስተኛዋ ከኋላዬ የእግሯ ድምፅ እንኳ አይሰማም። በኖራ የተሰመረው መስመር ታየኝ። ከመስመሩ ወዲያ ስልኮች ተነስተዋል፤ እንደ ዱላ ወደ እኔ ተነስተዋል። አሰልጣኙ በእጁ ግንባሩን ደረቱን እየነካካ ያስታውሰኛል። «እንዳትረሺ! እንዳትረሺ!» ይላል።

ያኔ ነው አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረኝ የቆምኩት።

አስቤበት አልነበረም። እግሬ ቆመ። ተረከዜን አስገጠምኩ። ትንፋሼ እስኪሰበሰብ ጠበቅሁ። ማተቤን ከመለያዬ አውጥቼ ደረቴ ላይ አኖርኩት፤ ያ ማጉላት የሚወድ ሰው እንዳይቸገር። ከዚያ ጣቶቼን አመሳቅዬ፣ አባቴ እንዳስተማሩኝ፣ ከግንባሬ ወደ ደረቴ፣ ከግራ ትከሻዬ ወደ ቀኝ፣ ቃሉን ሳላጎድል፣ ሳልቸኩል አማተብኩ። አንዷ አልፋኝ ሮጠች።

«ምን ሆነሻል! ግቢ እንጂ! አብደሻል?» አሰልጣኙ ይጮሃል።

ሁለተኛ ጊዜ አማተብኩ። ሌላዋ አለፈችኝ። ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ሦስተኛ ጊዜ አማተብኩ። ሦስተኛዋም አለፈች። ከዚያ በእግሬ ተራምጄ ገባሁ። አምስተኛ።

አሰልጣኙ እየሮጠ አጠገቤ መጣ። «ከገባሽ በኋላ አይደለም እንዴ ያልኩሽ!»

«ክብሩን ስጪ አሉኝ፤ ሰጠሁ» አልኩት። ምናልባት በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። የሐሙሲቷ ልጅ እንደተንበረከከች ቀና ብላ አየችኝ። እሷ አልሳቀችም።

አባቴ ከሰዉ መሃል ወጥተው መጡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና ወደ ሰፈራችን በሚወስደው መንገድ ይዘውኝ ሄዱ። ጥቂት እንደሄድን ያቺ ጎረቤታችን ከኋላ እየሮጠች ደረሰችብን። ወገቧን ጎንበስ አድርጋ፣ «አባ፣ ይፍቱኝ። ያለ ነገር አምቻለሁ። ልጅዎን እግዜር ይባርክልዎ» አለች። አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። እኔንም ልትስመኝ ስትመጣ ፊቴን አዞርኩባት። ነውር ነው፤ አዞርኩ።

እሷ ከሄደች በኋላ አባቴ፣ «ስንተኛ ወጣሽ?» አሉኝ።

«አምስተኛ።»

«ሁለተኛ እየመጣሽ አልነበረም?»

«አላዩኝም እንዴ?»

«አላየሁም» አሉ። «ልትደርሺ ስትይ ዓይኔን ጨፈንኩ።»

ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ሰብስቤ ተከተልኳቸው።

ያን ሳምንት አዲሱ ፎቶ በየስልኩ ዞረ። ቆሜ፣ ማተቤ ወጥቶ፣ እጄ ግንባሬ ላይ ሆኖ። «እምነቷን ከድል አስበለጠች» ብለው ጻፉበት። ያ አንገቴን የቆረጠው ሰውም ከሥሩ «አሜን» ብሏል። የአባቴ የንስሐ ልጆች ሁሉም ተመለሱ። ዞን የሄዱት ሌሎች ናቸው።

የልደት ዋዜማ የራሴ ንስሐ አባት ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ስልክ ባይዙም ወሬው ደርሷቸዋል። ገና ሳልቀመጥ፣ «ጎበዝ ልጄ፣ አኮራሽን» ሊሉኝ ጀመሩ።

«አባ፣ የመጣሁት ለዚያ ነው» አልኳቸው። «ያን ቀን ሦስት ጊዜ አማትቤአለሁ። አንዱም ውስጥ ጸሎት አልነበረም። ንዴት ብቻ ነበር። በስሙ ነው የሰደብኳቸው።»

ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። ከዚያ የሚሰገድ ስግደት ሰጡኝ፤ ብዙ ነው። «ሰው የማያይሽ ቦታ ስገጂ» አሉኝ።

በሬን ዘግቼ እየሰገድኩ ነው። የምሰግደው ሰዉ ላመሰገነኝ ጥፋት ነው።