ለዮሃና የተመረጠች ጥንቸል

ማናልሞሽ በሚዛን ገበያ ዶሮ ትነግዳለች። ዶሮ ማወቅ ከተባለ እሷ ታውቃለች። አንዷን ብድግ አድርጋ ደረቷን ዳበስ ካደረገች እንቁላል ጣይ ትሁን ወይስ ለወጥ ብቻ የምትሆን እዚያው ትነግርሃለች፤ ከተከራከርካት ደግሞ «እንግዲያው ሄደህ ቆቅ ግዛ» ብላ ፊቷን ታዞርብሃለች። ደንበኞቿን ስትሸኝ የማትረሳው ምክር አለ። «ወዲያው እንዳትለቂያት። እግሯን በጨርቅ አስረሽ አቆዪያት፤ ቤቱን ስትለምድ ትፈቻታለሽ።» ምክሩን ከማጂ፣ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው። አንድም ቀን ስቶባት አያውቅም።

ሚስቱ የሞተችበትን መምህር ከፈለኝን አግብታ እዚህ ቤት ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። እሷ ቤቱን ለምዳለች፤ ቤቱ ግን እሷን አልለመዳትም። ከሟቿ የቀሩ ሁለት እንስሳት አሉ፦ መከታ የሚባል ቀይ ውሻ እና ስም የሚያወጣላት ጠፍቶ ውሮ ብቻ እንደተባለች የቀረች ድመት። መከታ ማናልሞሽን በገዛ በሯ ላይ ይጮህባታል። ድመቷስ ወተት አትጠላም ነበር፤ ማናልሞሽ የቀዳችላትን ግን ትንሿ ዮሃና ትደፋውና በሌላ ሳህን ራሷ ትቀዳላታለች። «የእማዬ ናቸው» ትላለች፤ በቃ። ዮሃና የከፈለኝ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ለማናልሞሽ የምትጠራበት ስም የላትም። ሲቸግራት «እሷ» ትላለች፣ ሴትዮዋ እዚያው አጠገቧ ቆማ እያለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ማናልሞሽ በትዕግሥት ታልፈው ነበር። ነገር ግን ማሻ የምትኖር ማሚት የምትባል የባሏ ታላቅ እህት አለች። ከፈለኝን ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ እሷ የተናገረችውን ከፈለኝ አያጥፍም። በሠርጉ ማግስት ቡራኬዋን እንኳ ሳትጨርስ ቃሏን አስቀመጠች፦ «ትምህርት ሊከፈት ሲል መጥቼ ልጄን አያታለሁ። ካልተመቻት ይዣት እሄዳለሁ።» ከዚያ ወዲህ ማናልሞሽ ክረምቱን የምታየው እንደ ቀጠሮ ነው። የእንጀራ እናት ስም ድሮም ጥሩ አይደለም፤ «ገና ሳትገባ ልጅቷን አስወጣች» የሚለው ሐሜት ሲጨመርበት ደግሞ አስበው። ከሐሜቱም በላይ ልጅቷን ትወዳታለች። ዮሃና ለውሻው የትምህርት ቤት ወሬ ስታወራለት በመስኮት ተደብቃ ትሰማታለች፣ እና ያ ወሬ ለእሷም ቢደርሳት ብላ ትመኛለች።

አንድ ቀን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሏቸው ሲውሉ ዮሃና ለገበያ የተዘጋጁትን ጫጩቶች ስታይ ቆየችና «የራሴ የሆነ ትንሽ ነገር ቢኖረኝ» አለች። ለማንም አልተናገረችም፣ ዝም ብላ አለችው። ማናልሞሽ ግን ያዘችው። የሟቿ ያልሆነ፣ የእሷም ያልሆነ፣ የልጅቷ ብቻ የሆነ አንድ ነፍስ!

ምን ይሁን ግን? ጫጩት እንዳይሆን ለውሮ ቁርስ ማቅረብ ነው፤ ካደገም መጨረሻው ገበያ እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች። ቡችላ እንዳይሆን መከታ አለ። ርግብ ሲባል ዮሃና ራሷ «ትሄዳለች» አለች፤ ማናልሞሽም ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። ከሸኮ በኩል ቡና የሚያመጣው ገሠሠ ወሬውን ሰምቶ የጦጣ ግልገል በጃኬቱ ውስጥ ሸሽጎ መጣ። ከፈለኝ ገና ሲያየው «ዛሬ ሕፃን ነው፤ ከርሞ የቤታችንን ቆርቆሮ ይነቅለዋል» ብሎ መለሰው።

በመጨረሻ ጥንቸል ተባለ። አማን ውስጥ አናጢው አሞጽ ከጓሮው ጥንቸል ያረባል። ጎረቤቷ ሸዋነሽ ስትሰማ አማተበች።

«ጥንቸል? አይታረድ፣ አይበላ! ምን ሊሠራላችሁ ነው?»

«ሊወደድ» አለች ማናልሞሽ።

«ለመወደድማ እኛም አለን» አለች ሸዋነሽ፤ ተሳሳቁ።

አሞጽ ቤት ዮሃና ከሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ነጮቹን አለፈቻቸው። ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውን አመድማ ጥንቸል መረጠች፤ ስታቅፋት ጥንቸሏ አፍንጫዋን አንገቷ ሥር ወሸቀችባትና ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ማናልሞሽ ይህን ሳቅ ከዚያ በፊት አልሰማችውም።

«ቤቷን ልሥራላትና ቅዳሜ ውሰዷት» አለ አሞጽ። «ውሻና ድመት ባለበት ቤት ያለ ሳጥን አይሆንም።»

ምክሩ ምክር ነበር። ጠዋት ግን ለከፈለኝ ስልክ ተደውሎለታል፤ ማሚት በዚሁ ሳምንት ትመጣለች። ማናልሞሽ ያ ሳቅ ለቅዳሜ እንዲያድር አልፈለገችም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ማለት ይኼ ነው። ጥንቸሏን በዶሮ ቅርጫቷ ይዛ ወጣች።

ቤት እንደገቡ መከታን በሰንሰለት አሰረችው፣ የማድ ቤቱንም በር ዘጋች። ከዚያ አዲስ ነገር ቤት ሲገባ እጇ የለመደውን አደረገች። ከአሮጌ ነጠላ ቀደደችና የጥንቸሏን የኋላ እግር ከአግዳሚው ጋር አሰረችው።

«ትታሰራለች እንዴ?» አለች ዮሃና።

«እስክትለምድ ነው። ዶሮም እንዲሁ ነው የሚደረገው።»

ዶሮ ስትደነግጥ ክንፏን ታራግባለች፣ ትንጫጫለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ጥንቸል ግን ባላት ጉልበት ሁሉ ትፈናጠራለች። ይህን ማናልሞሽ ከየት ታውቀዋለች? ውሮን ረስታታለች። ድመቷ ከመደርደሪያው ላይ ዱብ ስትል ጥንቸሏ ተወረወረች፣ ጨርቁ ተወጥሮ ያዛት፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጥንቸል ድምፅ የላትም የሚል ካለ ያን ቀን እዚያ አልነበረም።

ዮሃና አላለቀሰችም። ጨርቁን ፈታች፣ ጥንቸሏን አቀፈች፣ ከዚያ ማናልሞሽን አየቻት። ማናልሞሽ ስድብ ብትሰማ በተሻላት ነበር።

አሞጽ መጥቶ የቀርከሃ ስንጣሪ በጨርቅ ጠቅልሎ አሰረላት። «ትድን ይሆናል» አለ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁለቱ ጥንቸሏ ከተኛችበት ካርቶን አልተለዩም። ዮሃና የስኳር ድንች ቅጠል ትለቅማለች፣ ማናልሞሽ ታጥባለች። ጨርቁ ሲቀየር ልጅቷ «አንቺ ያዣት፣ እኔ ልፍታው» ትላለች። አንድ ማታ ደግሞ ከካርቶኑ ላለመነሣት ብላ «መከታን አብዪው» አለቻት። ማናልሞሽ ግን ይህን ሁሉ ልብ አላለችውም። ጸጸት ዓይኗን ይዞታል፤ የሚታያት የተሰበረው እግር ብቻ ነው።

ማሚት የማሻ ማር በጀሪካን ይዛ፣ ጭቃዋን በደጁ ድንጋይ ላይ እየጠረገች ገባች። ልጅቷን አገላብጣ ሳመቻት፣ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ ሥጋዋን መዘነች፣ የከፋም ነገር አላገኘችም። ከዚያ ካርቶኑን አየች።

«ይቺን ደግሞ ምን አገኛት?»

ከፈለኝ አንገቱን ደፋ። ማናልሞሽ አፏን ሳትከፍት ዮሃና ቀደመቻት።

«መከታ ነው። እኔ በሩን ክፍት ትቼው ገብቶ ነከሳት።»

ማናልሞሽ ክው አለች። ይቺ ልጅ፣ የእናቷን ውሻ! ወተቱን እንኳ በሰው እጅ የማታስነካ ልጅ! አንድ ነገር ብቻ መጣላት፦ ፈርታኛለች። የእንጀራ እናቷን ፈርታ የምትዋሽ ልጅ፣ «ወድቄ ነው» የምትል ልጅ። የዚያ ቤት እመቤት ከመሆን ሞት ይሻላል።

«አንቺ ቀልበ ቢስ!» አለች ማሚት የልጅቷን ጆሮ ልትይዝ እጇን እየሰደደች። «እናትሽ ያሳደገችውን ውሻ አጥፊ ታደርጊው?»

«ተዪያት፣ እትዬ ማሚት» አለች ማናልሞሽ። «ውሻው አልነካትም። እኔ ነኝ። እንደ ዶሮ እግሯን አስሬያት ነው የተሰበረችው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማሚት ቀስ ብላ ወደ እሷ ዞረች። ብትቆጣ ደግ ነበር፤ ረጋ ብላ ነበር የተናገረችው።

«እሷም አንቺን ፈርታ ዋሸችልሽ። ከፈለኝ፣ ሰማህ አይደል? ዛሬ ጥንቸል አሰረች፤ ነገስ? የልጅቷን ልብስ አውጡልኝ።»

ከፈለኝ «እህት ዓለም…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ዮሃና ልብሷ ሲታጠፍ ከካርቶኑ አጠገብ ተቀምጣ የጥንቸሏን ጀርባ ታሻሽ ነበር። መንገዱ ክረምት የበላው ስለሆነ ጥንቸሏ እንድትቀር ተወሰነ።

መናኸሪያው በጭቃ ተለውሷል። ማሚት ቀድማ ገብታ ወንበር ያዘች። ማናልሞሽ ዮሃናን ደግፋ ልታሳፍራት ስትል ልጅቷ እጇን መነጨቀችና ከመኪናው ደረጃ ላይ ዞረች። በዚያች ሰዓት ነበር ያለቀሰችው።

«ለምን ተናገርሽ?» አለቻት። «መከታ እኮ አይቀየመኝም ነበር። እዚሁ ልቀር ነበር እኮ!»

ማናልሞሽ ወደ በሩ ተንደረደረች፤ ረዳቱ ግን «ሳብ!» ብሎ ዘግቶታል።