የበዛወርቅ ዘፈንና የእድሩ ጥሩምባ

በዛወርቅ ሀምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ቦንጋ ውስጥ «ጃዝና ሶል እዘፍናለሁ» የምትል እሷ ብቻ ናት፤ ሌላ ብትኖርማ ተቃቅፈው ባለቀሱ። ቀን ቀን ፀጉር ትሠራለች። ሹሩባ እየጎነጎነች ስታንጎራጉር ደንበኛዋ ፀጉሯ ሳያልቅ እንባዋ ይቀድማል። «እትዬ በዛወርቅ፣ ዛሬ እንኳን ዝም ብለሽ ሥሪኝ፤ ሰርግ ነው የምሄደው» የሚሏት ብዙ ናቸው።

ይህ አመል የያዛት ባደገችበት ከተማ በዋጫ፣ ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሬዲዮናቸው ራሱ በፈለገው ጣቢያ እንጂ እሳቸው በፈለጉት ላይ አይቆምም። አንድ ቀን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ያዘና አልለቅም አለ። አባት «ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው?» እያሉ ሲገረሙ፣ ልጅቷ አንድም ቃል ሳይገባት እየተከተለች ታንቋርር ጀመር። ከዚያ በኋላ ቁጣም ጠበልም አልመለሳት። አድጋ አዲስ አበባ ሄደችና ጥቂት ዓመት በየምሽት ቤቱ ሞከረች። «ድምፅሽ መልካም ነው፣ ግን ሰውን ታስተክዢብናለሽ፤ ቢራው አልሸጥ አለ» ብለው ሸኟት። እሷም አዲስ አበባ ያልቻላትን ቦንጋ ይችላታል ብላ ተመለሰች። ጉድ እኮ ነው!

መጀመሪያ የቀጠሯት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ልጃቸውን ሲድሩ። ሙሽሪት ስትገባ በዛወርቅ ያንን ዜማዋን፣ ቃሉን በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ አድርጋ፣ እየጎተተችና እያጠማዘዘች ለቀቀችው። የሙሽሪት አክስቶች ተያዩ። አንደኛዋ ሟች ባሏ ትዝ አላትና ማቃሰት ጀመረች፤ ሁለተኛዋ ተቀበለቻት። ወዲያው ጭፈራ የደራበት ድንኳን ለቅሶ ቤት ሆነ። ሙሽራው ሳይቀር ተንሰቀሰቀ፤ እሱን ምን እንዳስለቀሰው እንግዲህ ራሱ ያውቃል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ማይኩን ነጠቋት።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ሙሾ ነው! ሂጂና ለሞተ ሰው አውርጂው!»

እሳቸው በንዴት የተናገሩትን ከተማው እንደ ምክር ያዘው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለጸጋ ሞተና ዘመዶቹ መጥተው ለመኗት፤ አልቅሳ አስለቀሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ከደካ እስከ ቢታ ገነት ትልቅ ሰው በሞተ ቁጥር ትጠራለች። ከሰርግ ተባርራ ለለቅሶ ተሾመች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ያከብሯታል፣ አልዋሽም። ውስጧ ግን ያርራል። ለቅሶ ላይ «ድምፅሽ እንዴት ያምራል» የሚል የለም፤ የሚለቀሰው ለሟቹ ነው። የእሷ ምኞት አንድ ነው፤ ሰው በደህና ቀን፣ ሬሳ ሳይኖር፣ ለዘፈኗ ብሎ ቁጭ ብሎ እንዲሰማት። ጉሮሮዋም እየከዳት ነው። «አንድ ጊዜ ይስሙኝ። እምቢ ካሉ አፌን ዘግቼ የሰው ፀጉር እሠራለሁ» ብላ ለራሷ ምላለች።

ምኞቷን ከደንበኞቿ አፍ የሰማው ኢዮሲያስ የሚባል፣ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ የኮሌጅ መምህር ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። የአንድ ሆቴል አዳራሽ ለምኖ ለእሁድ ከሰዓት አስፈቀደላት። ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የቦንጋ ዝናብ ምን ምሕረት አለው፣ በማግስቱ አጥቦ ወሰደው። ኢዮሲያስ ታዲያ አንድ ብልሃት መጣለት፤ እዚህ ከተማ ሁሉም የሚሰማው የእድሩን ጥሩምባ ነፊ፣ ጥሩሰውን ነው። ኢዮሲያስ ባደገበት ሰፈር እድሩ የሚጠራው በስልክ መልእክት ስለሆነ ጥሩምባ ለእሱ ጥሩምባ ነው፣ ሌላ ነገር አይታየውም።

ኢዮሲያስ እንደለመነው፣ ጥሩሰው ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፋና «በዛወርቅ! እሁድ በስምንት ሰዓት! ሆቴሉ አዳራሽ!» እያለ ከተማውን ዞረ። ከጥሩምባ በኋላ ማን ዝርዝር ይጠይቃል? ሰው ሞቶባታል በቃ። ከፊሉ ደካ ያለችው እህቷ ናት አለ። ከፊሉ ጥሏት የሄደው ባሏ ነው አለና «እንኳን ገላገላት» ብሎ ጨመረበት። ደርሰን እናጣራለን ተባባሉ።

እሁድ በዛወርቅ በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁሉም ነጠላውን በለቅሶ ወግ ዘቅዝቆ ለብሷል። ከኋላ ሴቶች ንፍሮ በሳፋ ይዘው ቆመዋል።

«ኢዮሲያስ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም! ጥሩሰውን ጥሩምባ አስነፋሁት፤ ለእርስዎ ነው የመጡት» አላት ደስ ብሎት።

ነገሩ ወዲያው ገባት፤ እንባዋ በንዴት ዱብ ዱብ አለ። «አይ እድሌ! በዘፈኔ ቀን ለቅሶ ደራሽ!» በኩሽና በኩል ልትወጣ ተነሳች። ግን ወዴት ትሂድ? ከዚህ በኋላ ሌላ እሁድ እንደሌላት ታውቃለች። ፊቷን ጠርጋ ገባች።

የዘፈነችው ጅማ ሄዶ ስለቀረ ወንድ ነው። ልብ በሉ፣ አልሞተም፤ ቢሞትማ ይሻል ነበር። ድምጿ ሲሰበር ትተወዋለች፤ ሲነሳ ትከተለዋለች። «ሞቅ አድርጊው!» የሚል ሰካራም የለም፣ ስልክ የሚያወራ የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ አፍ አፏን እያየ፣ እንባውን እያፈሰሰ ሰማት። በሕይወቷ እንዲህ ተሰምታ አታውቅም፤ ሌላውን ሁሉ ረሳችው።

ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም፤ ለቅሶ ላይ ማን ያጨበጭባል? ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከፊት ወንበር ተነሱ።

«እግዜር ያጥናሽ። ለመሆኑ ማን ነው የሞተብሽ? ሁሉንም ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ።»

«ማንም አልሞተብኝም፣ ጋሼ» አለች ማይኩን እንደያዘች። «ዘፈን ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ ንፍሮ የያዘች አንዷ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ።

«ማንም ሳይሞት ነው እንዲህ ያንሰቀሰቅሽኝ?»

«አዎ» አለች።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ነጠላቸውን አወረዱና አገላብጠው፣ እንደ ዓመት በዓል አድርገው ለበሱት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«በይ እንግዲያው ድገሚው» አሏት።