በሲጋራ ፓኮ የሚሄዱ ዓይኖች

ሙሉእመቤት የምትስለው ዓይን ብቻ ነበር። ሌላ ምንም አትስልም፤ ዓይን፣ ያውም ከምስር ፍሬ የማይበልጥ። ቤቷ ከቁስቋም ቁልቁል ሲወረድ ነው። ጠዋት ጓዳዋን አሰናድታ ስታበቃ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና ከድመት ጭራ በሠራችው ብሩሽ ወረቀት ላይ ዓይን ትደረድራለች። ጎረቤቶቿ ጥልፍ የምትጠልፍ ይመስላቸው ነበር። ይምሰላቸው! እውነቱ ቢወጣ የባሏ የእንጀራ ገመድ ይበጠስ ነበር።

ባሏ ይገዙ ሽሮ ሜዳ አጠገብ ባለ የእደ ጥበብ ማኅበር ውስጥ ከእንጨት የተጠረቡ ትንንሽ ምስሎችን ቀለም ይቀባል። በንጉሡ ጊዜ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋ ጊዮርጊስን ነበር የሚቀባው። ደርግ ሲመጣ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ወረደና ላብ አደሩ ወጣበት። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው። ዘንዶው ግን ሁለት ራስ ተጨምሮለት አንዱ ፊውዳሊዝም፣ አንዱ ኢምፔሪያሊዝም፣ አንዱ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም ተባለ። ቀቢው ሥራ በዛበት እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ!

ታዲያ የይገዙ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈረሱንና የዘንዶውን ጀርባ እንደምንም ይቀባል፤ ዓይን ላይ ሲደርስ ግን ብሩሹ አልታዘዝ አለው። በማኅበሩ ደንብ መሥራት ያቃተው ቦታውን ይለቃል፤ ይገዙ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያች ወንበር ሌላ አያውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ "ሙሉ፣ አለቀልኝ" አላት። "በማርያም ለሰው እንዳትናገሪ። ሰው ካወቀብኝ አልኖርም።"

እሷ የሰዓሊ ልጅ ናት። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሲስሉ ቀለም እየበጠበጠች ነው ያደገችው። ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን እንደሚሳል፣ ሰይጣንና ከሐዲ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚታይ ከሳቸው ተምራለች። "እኔ ልሳልልህ" አለችው። ችግሩ ምስሎቹ ከማኅበሩ ግቢ አይወጡም፤ አባል ያልሆነም አይገባም።

ዘዴውን ያመጣው ይገዙ ነው። ብስክሌት ቤት ውስጥ የፋብሪካ ምልክት ከወረቀቱ በውሃ ተላቅቆ ብስክሌቱ ላይ ሲለጠፍ አይቶ ነበር። ወረቀት ላይ የግራር ሙጫ ቀብተው አደረቁ፣ በላዩ ስስ ቫርኒሽ አደረጉ፣ እዚያ ላይ እሷ ዓይኑን ሳለች፣ ከዚያ እንደገና ቫርኒሽ። ደርቆ በመቀስ ይቆረጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ሙጫው ይሟሟና ሥዕሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከወረቀቱ ይንሸራተታል፤ ምስሉ ፊት ላይ በአውራ ጣት ገፋ ገፋ አድርጎ ማቃናት ነው። ብሩሽ አንዴ ከሳተ ሳተ፤ ይሄኛው ግን እስኪደርቅ ይታገሣል። የመጀመሪያዎቹ እየተጨማደዱ አስለቅሰዋቸው ነበር። ኋላ ሲሳካ ሁለቱም እንደ ልጅ ዘለሉ። ከዚያ ወዲያ ይገዙ ዓይን የሞላ የሲጋራ ፓኮ ደረት ኪሱ ከቶ ሥራ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ብቻውን ቀርቶ ይለጥፋቸዋል። ሰውየው አያጨስም እኮ!

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ዋቅጋሪ፣ "ይገዙ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው! ዘንዶህ ያፈጣል" እያለ ሲያሞግሰው ይገዙ አንገቱን ይደፋል። ለሰው ትሕትና መሰለው። ምን ትሕትና! ውስጥ ውስጡን እያረረ ነበር።

የአብዮት በዓል ደረሰና ማኅበሩ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ሙሉእመቤትም ከቀበሌው ሴቶች ጋር ለእንግዶች ለስላሳ ልትቀዳ ገባች። የሳለቻቸውን ዓይኖች ፊት ላይ ያየችው ያኔ ገና ነው። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ግን ለማን ትንገር? ከበላይ አካል የመጡት እንግዳ ይገዙ ጠረጴዛ ዘንድ ቆሙና፣ "እስቲ ጓድ፣ እንዴት እንደምትሠራ አሳየን" አሉት። ያ ሁሉ ሰው ሲከበው እጁ ባሰበት። ፓኮውን ሲከፍት ወረቀቶቹ ተበተኑ። የመጣለትን አንስቶ ነከረና ገፋው። የዘንዶው ቀይ ዓይን፣ አንድ ለእናቱ ሆኖ፣ ላብ አደሩ ፊት ላይ ቁልጭ አለ።

"ላብ አደሩን ሰይጣን አደረገው እኮ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ማንም አልሣቀም። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያስበላ ነበር። ጓድ ዋቅጋሪ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሙሉእመቤት ጠርሙሱን አስቀምጣ መጣች። "ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። ዓይኖቹን የምስለው እኔ ነኝ፤ ቀላቅዬ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። የሱን እጅ አሞታል።"

በቃ፣ ምስጢሩ ወጣ። ይገዙ ያኔ ያያት አስተያየት! በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። እሷ ግን ቀዩን ዓይን በእርጥብ ጣቷ ጠረገች፤ ብሩሽ አነሳችና እዚያው ቆማ ለላብ አደሩ ሁለት ዓይን ሳለችለት። እንግዳው "ጎበዝ ሴት!" ብለው ሣቁና አለፉ።

ጓድ ዋቅጋሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንብ ይወዳል እንጂ። "ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ላይ እርስዎ ይቀመጣሉ፤ ይገዙ በር ይጠብቃል" አላት። ይገዙ እሺ አለ። ቤት ከገቡ በኋላ ግን አላነጋገራትም፤ እሑድንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

ሰኞ ተቀመጠች። ቀና ስትል በመስኮቱ ይገዙ ከልኩ በላይ ሰፊ የሆነ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ ለጭነት መኪና በር ሲከፍት አየችው። ብሩሹን ወርውራ ጓድ ዋቅጋሪ ፊት ቆመች።

"እኔ ዓይን የምስለው ቤቴ ነው። ወረቀቱን የፈጠረው ይገዙ ነው፣ የሚለጥፈውም እሱ ነው። አይሆንም ካሉ ዘንዶዎ ዕውር ሆኖ ይቅር!"

ጓድ ዋቅጋሪ ተቆጣ፤ ደንብ ጠቀሰ፤ ከዚያ መደርደሪያውን የሞሉትን ዓይን አልባ ዘንዶዎች አየ። "ወይ ጣጣ! ጥሩትና ይምጣ" አለ።

ይገዙ ካፖርቱን እንደለበሰ መጥቶ ተቀመጠ። የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ያዩታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አሁን ግን አልሸሸገውም። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ የእጁን አንጓ በሌላው እጁ ይዞ፣ ከፓኮው ያወጣውን የዘንዶ ዓይን ቀስ እያለ ገፍቶ ቦታው ላይ አሳረፈው። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ሙሉ፣ የገደለኝ በሽታው አልነበረም፤ መደበቁ ነበር። ገላገልሽኝ" አላት።