የውቤ ካቴና

ጣልያን ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ቋንቋው ዳንግላ ውስጥ፣ ውቤ መካኒኩ ዘንድ ተቀምጦ ቀርቷል። ውቤ የሞተሩን ራስ ቴስታታ፣ ሰንሰለቱን ካቴና ይለዋል። ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ስለ ሞተር ሳያስተምር አይለቅም፤ የቸኮለ የዳንግላ ሰው በሌላ መንገድ ይዞር ነበር።

ይህ ሰው ከአገው መንደር ከጥርባ የአቶ አድማሴን ልጅ ያለምወርቅን በሽማግሌ አጨ። ከሩቅ አይቷት እንጂ አንድ ቀን እንኳ አነጋግሯት አያውቅም። የአገሩ ሙሽራ በፈረስ ሲሄድ እሱ «በመኪና ነው የምወስዳት!» ብሎ ፎከረ። ያለችው አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ እሷም ሰርጉ ሲቃረብ ጠብቃ ቴስታታዋ ተሰነጠቀ።

ከተገለበጠ መኪና ላይ ሌላ ፈትቶ ገጠመላት። ካቴናው ግን እምቢ አለ። የታችኛውን ባለ ጥርስ መንኰራኵር ሲይዝ ለላይኛው ያጥራል። ውቤ ይጎትታል፣ ይሳደባል፣ ደግሞ ይጎትታል። ባለጋሪዎች ሥራ ፈተው ከበቡት። «እንደ ጠፍር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይለጠጣል» አለው አንዱ። «ቅቤ ቀባው፤ ሙሽራ ያለ ቅቤ ይወጣል እንዴ?» አለ ሌላው።

ቀኑ ሲደርስበት ጭንቅ ያዘውና ወደ ጥርባ በሚሄደው በጨው ነጋዴው በአበረ መልእክት ላከ። አማቱ ገበሬ ናቸውና ይገባቸው ብሎ ቴስታታን ወደ አማርኛ መለሰው፦ «ራስ ተሰነጠቀብኝ፤ አሁን ደግሞ ካቴናው ጠብቆብኛል። እስኪላላ ይታገሡኝ በላቸው።» ካቴናን መተርጎም ረሳ።

አበረ ታማኝ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል አላጎደለም። በአገውኛ አድርጎ ሲነግራቸው ራስ የሰው ራስ ሆነ፤ ካቴናም ጥርባ የሚታወቀው በፖሊስ እጅ ነው። አቶ አድማሴ ብድግ አሉ። «የሰው ራስ ፈንክቶ ለታሰረ ልጄን ልሰጥ? ዳሱን አፍርሱት!»

ውቤ ይህን ሁሉ አልሰማም። ተስፋ ቆርጦ እጁን ወደ ሞተሩ ሆድ ሰድዶ ሲዳስስ ነገሩን አገኘው። ካቴናውን ከጎን እየገፋ የሚወጥረው ብረት፣ ካቴናው በወጣ ጊዜ ተስፈንጥሮ እንደወጣ ቀርቷል። ካቴናው መች አጠረ! ወደ ቦታው ገፍቶ መለሰውና በሽቦ አሰረው፤ ካቴናው ያለምንም ክርክር ጥርሱ ላይ ተቀመጠ። የጥርሶቹን ምልክቶች አስተያይቶ ሽቦውን ፈታ። «ድሮም አውቄው ነበር» አለ ለባለጋሪዎቹ። ማንም አላመነውም።

የሰርጉ ዕለት እጁን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ሚዜዎቹን ጭኖ ነዳ። ዳገቱን ጨርሶ ጥርባ ሊቃረብ ሲል ሁለት ሴቶች በእግራቸው ሲመጡ አየ። የፊተኛዋ አገልግል ተሸክማለች። ያለምወርቅ ናት። አባቷ ዳሱን ሲያስፈርሱ እሷ ወጥ ስትሠራ ነበር። «ቢያጠፋስ ይራብ?» ብላ አክስቷን አስከትላ፣ እስር ቤት ስንቅ ልታደርስለት ዳንግላ መሄዷ ነው።

አቶ አድማሴ ነገሩ ገብቷቸው ዳሱን መልሰው እስኪያስተክሉ ገና ብዙ ክርክር፣ ብዙም ሳቅ ነበረ። መንገዱ ላይ ግን የሳቀ የለም። ውቤ ዘሎ ወረደ። ያለምወርቅ ፊቱን ሳይሆን እጁን አየች። በሞተር ግራሶ ጠቁሯል፤ ብረቱ የላጠው አንጓው ላይ ደም ረግቷል።

«ፈቱዎት?» አለች።

ውቤ አገልግሉን አየና መልእክቱ እንዴት ሆኖ እንደ ደረሰ ገባው። ስለ ካቴናው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ያ ሁሉ ትምህርት ጠፋበት።

«ፈቱኝ» አለና አገልግሉን ተቀበላት።